ደጋን ላይ የተሰቀሉት ስምንት ላሜራዎች

እኔ ነገር የማጠብቅ ሴት ነኝ። ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም፤ ያነበብኩትንም ደግሜ አነባለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶች «ሲስተር ምሕረት እንድትፈርም መጀመሪያ ሱባኤ መያዝ አለባት» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ጥንቃቄ ማንንም የማይጎዳ ጠባይ ይመስለኝ ነበርና። እንዳልሆነ የገባኝ በአንድ ሰኞና በአንድ ማክሰኞ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለቅርብ ሰው እንኳ በቅጡ ሳልናገረው ቆይቼ አሁን ልጽፈው ተነሣሁ።

የተወለድኩት አርባ ምንጭ ነው። ደሴ የመጣሁት በምደባ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ልመለስ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። እናቴ ስትደውል ከጤናዬ ቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው፤ አንሶላ በሚከብድበት ሀገር ላሳደገቻት ልጇ ሁለት ብርድ ልብስ መደረብ የመከራ ምልክት ይመስላታል። «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። «ሥራው ሲረጋጋ» እላታለሁ። የሆስፒታል ሥራ ደግሞ ተረጋግቶ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ተቅማጥ በበረታበት አንድ ክረምት ነው። ክፍላችን ከአቅሙ በላይ ሞላ፤ አልጋ ሲያልቅ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፍን። ግሉኮስ ነበረን፤ መስቀያው ግን አልበቃ አለ። መስኮቱ ብረት ላይ በፋሻ አሰርን፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታን። የቀረውን አስታማሚው በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ይቆማል። ሰው እጁን ስንት ሰዓት ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም ይችላል? አንድ ገበሬ የሚስቱን ከረጢት እንደያዘ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። እጁ ወረደ፤ ደሟ በቱቦው ወደ ኋላ ተመለሰ። ስደርስ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኗል። ሴትዮዋ ተርፋለች። ሰውየው ግን «ገደልኳት፣ በዚች እጄ ገደልኳት» እያለ እጁን በእጁ ሲመታ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም።

ያን ሰሞን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ነገር ሣልኩ። ግድግዳ ላይ በአራት ብሎን የሚታሰር የላሜራ ሰሌዳ ነው። ላዩ ላይ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ፤ በየቀዳዳው አንድ መንጠቆ ይገባል፤ መንጠቆው ላይ ከረጢት ይንጠለጠላል። እግር የለው፣ ቦታ አይይዝ፣ ተገፍቶ አይወድቅ።

ሥዕሉን ይዤ የወረድኩት ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው። ጋሽ ሰይድ የሆስፒታላችንን የተሰበሩ አልጋዎች የሚበይዱ፣ ስልሳን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ወረቀቱን አዘቅዝቀው ሁሉ አዩት።

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ።»

«ማሻአላህ! አንቺ ብረት ቤት ብትከፍቺ እኛን ጦም ታሳድሪን ነበር።»

በሳምንቱ ሠርተው ጠሩኝ። የእኔ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ነበር፤ እሳቸው ወደ ውስጥ አዘንብለው ቀደዱት። ከረጢቱ በከበደ ቁጥር መንጠቆው ራሱ ወደ ታች እየጠለቀ ይቆለፋል። ስለዚህ ሥራው የሁለታችን ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ኃላፊ ናሙናውን አይቶ ወደደው። ትልቅ መጭመቂያ ማሽን አላቸው፤ በቀን በመቶ የሚቆጠር ላሜራ ማውጣት ይችላሉ። «የመብት ምስክር ወረቀቱን አምጡልን እንጂ ለወሎ ጤና ጣቢያ ሁሉ እናዳርሰዋለን» አለን። ያን ቀን ከደስታዬ የተነሣ ምሳ አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ ያቺ ወረቀት በሕልሜም በውኔም አብራኝ ኖረች።

አንድ የሕግ ሰው ጠየቅሁ። «እስክታመለክቱ ማንም አይየው፤ ለሕዝብ የታየ ነገር አዲስነቱ ይቀራል» አለኝ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ትእዛዝ የለም። ጋሽ ሰይድ የሠሩልኝን አሥራ ሁለት ሰሌዳ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ የዕቃ ክፍል ቆለፍኩበት። ማመልከቻውን ስጽፍ ስሰርዝ፣ ሥዕሉን ሳስደግም፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በመሐል ባዶ አምቡላንስ ላይ ለብቻዬ ስሞክረው መንጠቆው በመንገዱ ጉድጓድ ሲዘል አየሁ፤ እንዳይዘል የምትይዝ አውራ ጣት የምታህል የብረት ምላስ ጨመርኩበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍላችን ውስጥ አስታማሚዎች ከረጢት ይዘው ይቆሙ ነበር። ባጠገባቸው ሳልፍ «ትንሽ ቀን ነው የቀረው» እላለሁ በልቤ።

በመጨረሻ ሥራው ከዚህ በፊት በሕዝብ ዘንድ እንዳልዋለ የሚያረጋግጠው ቅጽ መጣ። ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩና ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው።

«አንቺ አንብበሽዋል?» አሉኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

ፈረሙ። አንብቤዋለሁ፤ ግን አላነበብኩላቸውም።

ወራት ቆይቶ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ጉዳያችንን የያዙት የፓተንት መርማሪ አቶ ግርማ ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ነው የሚወስኑት፤ የእኛ ሥዕልና ጽሑፍ ግን አልገጥም ስላላቸው፣ ለሌላም ሥራ በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ ስለሚመጡ፣ ማክሰኞ ዕቃውን በዓይናቸው ሊያዩት ፈለጉ።

ሰኞ ዕለት፣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የክትባት ሥራ ለማየት ደጋን ጤና ጣቢያ ተላክሁ። ደጋን ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ልታጠብ ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል ገባሁ። ቀና አልኩ።

ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት ናቸው። ቀዳዳቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ማዕዘናቸው የተከረከመ። የጋሽ ሰይድን እጅ የማላውቅ መሰላችሁ? የታማሚ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው ሲስተር፣ ጅን አየሽ?» አለችኝ የክፍሉ አዋላጅ ከድጃ። ሳቂታ፣ ሰፊ ሴት ናት።

«ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እሱንማ አላህ ይወቅ። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ግድግዳው ላይ አገኘሁት። እኔ ስወልድ ክፍሉም ወልዶ ጠበቀኝ! ምነው፣ ጉድለት አለበት እንዴ? ኧረ ይሄን እንዳትነቅይብኝ ወላሂ፣ እጅ አወጣልን እኮ!»

«መቼ ነው?»

«አልኩሽ እኮ፣ ስወልድ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ስደርስ ጋሽ ሰይድ ለዐስር ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር። ሰግደው እስኪመለሱ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ደጋን ነበርኩ» አልኳቸው።

ፎጣቸውን አጣጥፈው ሚስማር ላይ ሰቀሉ።

«ስምንት አየሁ።»

«ብሎኑ አልላላም? ግድግዳው ልስኑ መጥፎ ነው። ትራፓኖው ሲበሳው እንደ ዱቄት ነበር የሚፈሰው።»

አለቅስ ወይስ እስቅ አላወቅሁም። «ጋሽ ሰይድ! የፈረምነው ወረቀት እኮ ማንም ዘንድ አልዋለም ይላል!»

«እንደዛ ነው የሚለው?»

«አዎ!»

«ለእኔ ማን ነገረኝ?» አሉ። ነቀፌታ አልነበረበትም፤ እንደው የሰው ጥያቄ ነበር። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

በርጩማ አወጡልኝና ተቀመጥን። «ስሚ ልጄ። እኛ ቤት ከአዲስ ሥራ የመጀመሪያው ለአላህ ይወጣል። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። አዲስ ዓይነት ማረሻ ሲያወጣ የመጀመሪያውን ማንም ሳያየው የማያውቀው ሰው ደጅ አኑሮ ይመለሳል። እኔም ይኸው እንደሱ ነኝ። ሰደቃ ነው። ከእኔና ከአላህ በቀር ማንም እንዳያውቀው በልቤ ኒያ አድርጌ ነው የሰቀልኩት። መስኮት ልጠግን ነው ብዬ ገብቼ፣ ሰቅዬ ወጣሁ። አሁን አንቺ አወቅሽ።»

«መቼ ነው የሰቀሉት? ካመለከትንበት ቀን ወደ ኋላ አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ ሕጉ ይታገሳል። ካለፈ ግን...»

«አልፏል። ብዙ አልፏል። አንቺ ስትጽፊ ስትሰርዢ አልነበር እንዴ?»

ይህም እውነት ነው። ሥዕሉን በሣልኩ በወሩ ባመለክት ኖሮ የእሳቸው ሰደቃ ምንም አያደርገንም ነበር። የእኔ ጥንቃቄ ነው ቀኑን ያሳለፈው።

«ነገ ሰውየውን ደጋን እወስዳቸዋለሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

ጋሽ ሰይድ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ውሰጃቸው። የፈረምሽበት ነው፤ አንቺም ጌታ አለሽ። ስሜ ግን ካንቺ አፍ አይውጣ። የሰቀለው እገሌ ነው እንዳትዪ።»

«አልልም።»

«በእናትሽ በይ።»

«እኔ አልምልም ጋሽ ሰይድ። አልልም ካልኩ አልልም ነው።»

ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! እሺ፣ አማና ነው፤ አደራዬ ነው። አብሽሪ።»

ወደ ደሴ ሽቅብ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እንደመጣ እጽፈዋለሁ። ደጋንን ማን ያስታውሳታል? አቶ ግርማ ኮምቦልቻ ዕቃውን ለክተው፣ ቆጥረው በማግስቱ ይሄዳሉ። ከድጃ አትጠየቅ፤ ጋሽ ሰይድ አይናገሩ። ፋብሪካው ማሽኑን ያስነሣል፤ ስንት እጅ ያርፋል። ክፋት የማይመስል ክፋት እንዴት ያለ ልዝብ አንደበት አለው! ማክሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ራሴን የያዝኩት «ምነው አውሮፕላኑ በቀረ» ብዬ ስጸልይ ነው። አፈርኩ። ማተቤን ጨብጬ «አፌን ጠብቅልኝ፤ ከውሸትም ከሐሜትም» ብዬ ወረድኩ።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ ገባ።

አቶ ግርማ ደረቅ ሰው ናቸው። ሻይ አልፈልግም አሉ፤ ሰላምታቸውም እንደ ደረሰኝ አጭር ነው። ብረት ቤቱ ውስጥ ሰሌዳውን ለኩ፤ መንጠቆውን አሥር ጊዜ አስገብተው አወጡ፤ ምላሷን በጥፍራቸው ገፋ ገፋ አደረጓት። በመጨረሻ ማስታወሻቸውን ገለጡና፣

«ከማመልከቻው በፊት የትም አልተሰቀለም ብላችኋል» አሉ።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ጨርቁ ቆመ።

«ሊያዩት የሚገባ ቦታ አለ» አልኩ። «ደጋን። እኔም ያየሁት ትናንት ነው።»

አቶ ግርማ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «አመልካች ራሷ ተቃራኒ ማስረጃ ስታሳየኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንሂድ።»

መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን ቆልፈው ማንም ሳይጠራቸው ከፊት ገቡ። መንገዱን ሁሉ መቁጠሪያቸውን ሲገፉ ሄዱ።

ከድጃ ሦስት ሰው ሆነን ስንገባ ደንግጣ ነጠላዋን አጣፋች። «ኸይር ነው? አልኩሽ እኮ እንዳትነቅሉብኝ!»

«አንነቅልም» አሉ አቶ ግርማ። ወንበር ላይ ወጥተው አንዱን ሰሌዳ በባትሪ አዩት፤ ቀዳዳውን ለኩ፤ ወረዱ። «ያው ነው። አሁን የሚያስፈልገኝ ቀኑ ብቻ ነው። መቼ ተሰቀለ?»

«ስወልድ።»

«መቼ ወለዱ?»

«የቱን?»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት፤ አላህ ያሳድጋቸው። በላይ በላዩ ነው የወለድኳቸው፤ ፈቃዱ ራሱ ተምታቶብኛል። የትልቁ ጊዜ ይሁን የትንሿ እንጃ። መዝገብ የለውም፤ የመንግሥት ዕቃ አይደለማ። ያኔ የነበረው ጥበቃም ለቋል።»

አቶ ግርማ የሁለቱን ልጆች ልደት ጠይቀው ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ከማመልከቻችን ቀን ጋር አስተያዩና እንዲህ አሉ፤

«የትንሿ ጊዜ ከሆነ ዓመት አልሞላውም፤ ምንም አይነካችሁም። የትልቁ ጊዜ ከሆነ ሰሌዳው ቀርቷል። ቀን የሌለው ማስረጃ ደግሞ ለእኔ ማስረጃ አይደለም። የሰቀለው ሰው ካልተገኘ ላየሁት ብቻ ብዬ ልከለክላችሁ አልችልም።»

አያችሁ? በዝምታ ብቻ ወረቀቷ በእጃችን ነበረች። ማንም መዋሸት አያስፈልገውም።

ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ያውቃሉ?»

ከድጃ አየችኝ። ጋሽ ሰይድ አላዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ። 

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ታዲያ?»

«የማውቀው በአማና ነው። የምናገረው የእኔ አይደለም። አላውቅም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። የመርማሪ ሥራዎ ከዚህ ተነሥቶ ይከልክለን ካለ ይከልክለን።»

«ወይዘሮ ምሕረት፣ እኔ አውቃለሁ-አልናገርም የሚል መዝገብ የለኝም።»

«ይገባኛል።»

«አልገባዎትም። ወይ ቀን ይንገሩኝ፣ ወይ—»

«ልጅቷን ተዋት» አሉ ጋሽ ሰይድ።

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ግድግዳው ሄደው ጥግ ያለው ሰሌዳ ሥር ቆሙ።

«የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ፋጡማ በሞተች በአርባኛው ቀን። እዚህ ነበረች፤ እዚች ጋ። አልጋ አልነበረም። ግሉኮሱን ሁለት ቀን በእጄ ይዤላት ነበር። ልጆቼ እንተካህ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ቀኑን ከፈለግህ ጻፍ፤ ቀኑስ አይጠፋኝም።» ቀኑን ነገሯቸው። የትልቁ ልጅ ጊዜ ነበር። «ሰደቃ ነበር። ሰው እንዳያውቀው ነበር። ይኸው አሁን ሦስት ሰው አወቀው።»

ከድጃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያቺ ሳቂታ ሴት ድምፅ ሳታወጣ እንባዋ ወረደ። እኔ ከእሳቸው ጋር ስንት ዓመት ሠርቼ ሚስታቸው በምን እንደሞተች አልጠየቅኋቸውም ነበር። ለቅሶ ደርሼ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ አጽናኝ ቃል ብዬ ነው የተመለስኩት።

አቶ ግርማ ጻፉ። እጃቸው ሲጽፍ አልፈጠነም። ጨርሰው ለጋሽ ሰይድ አነበቡላቸው፤ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው። «ልክ ነው?» «ልክ ነው።» ፈረሙ።

«እንኳን ነገሩኝ ልልዎት አልችልም፤ ሥራዬ አይደለም» አሉ አቶ ግርማ። «ሰሌዳውን ግን አጥታችኋል። ከዛሬ ጀምሮ የፈለገ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።»

ሊወጡ ሲሉ ቆሙ። ከረጢት የተንጠለጠለበት አንድ መንጠቆ ዙሪያ በፋሻ ታስሯል። «ይሄ ምንድነው?»

«መንጠቆው ሰው ሲነካው ይዘላላ» አለች ከድጃ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ስለዚህ አስረዋለሁ። እያንዳንዱን።»

አቶ ግርማ ፋሻውን ነካ ነካ አደረጉት። «ምላሷስ?»

«እዚህ ምላስ የለም» አልኩ። «እሷን የጨመርኳት በኋላ ነው።»

«የትም አልተሰቀለችም?»

ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቅ አመለጣቸው። «ምላሷን አልመጸወትኩም ወላሂ!»

«እንግዲያው ሰሌዳውን ተዉትና በምላሷ ብቻ ጻፉ» አሉ አቶ ግርማ። «ይሰጣችኋል አላልኩም። ጻፉ ነው ያልኩት።»

ስንመለስ ከኋላ ከጋሽ ሰይድ ጎን ተቀመጥኩ። «አጅሩ፣ የሰደቃው ዋጋ፣ ተበላሸብዎት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። የሚጽፈው አላህ ነው።» ጥቂት ቆዩና፣ «ፋጡማ ግን ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ምስጢር አይሆንልህም ትለኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ዛሬ ብቻ ነው ልክ የሆነችው።»

ረቡዕ ጠዋት የዕቃውን ክፍል ቁልፍ ወሰድኩ። ከጥገና ክፍል ትራፓኖና ፊሸር ተዋስኩ። የጆንያው አፍ የታሰረበት ሲባጎ በእጄ አልፈታ ሲለኝ በመቀስ ቆረጥኩት። አሥራ ሁለቱንም ራሴ ሰቀልኳቸው። አቧራው ነጠላዬ ላይ ሲወርድ አንዲት አስታማሚ የአባቷን ከረጢት ከፍ አድርጋ ይዛ ታየኛለች። የመጀመሪያው እንደታሰረ ከእጇ ተቀብዬ አንጠለጠልኩት። ክንዷን ወዲያው ማውረድ አልቻለችም፤ ደርቆባት በሌላው እጇ ይዛ ነው ያወረደችው። «ይሄ ዛሬ መጣ?» አለችኝ። ጆንያው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። ነገርኳት ግን። ክንዷን ማሸት ቀጠለች።

ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። በዚህኛው እያንዳንዱን መስመር ለጋሽ ሰይድ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከብዙ ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ሰሌዳው ተከልክሎ ለምላሷ የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ተሰጠን። ለፋብሪካው ኃላፊ ይዤለት ብሄድ «ምላስ ብቻ?» አለና ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ምላሷን ጋሽ ሰይድ በእጃቸው እየቆረጡ ለአምቡላንሶች ይሠራሉ። ሥራው ትንሽ ነው፤ አላቋረጡትም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ በየሥራ ቦታችሁ በእጃችሁ ወይም በሐሳባችሁ አንድ ነገር ያወጣችሁ፤ ጥንቃቄን ተዉ አልላችሁም። እኔም አልተውኩትም፤ ዛሬም ሳላነብ አልፈርምም። ግን ራሴን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ ይህ ጥንቃቄ የሚጠብቀው ማንን ነው? ያን ዓመት ተኩል ሥራውን እየጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር። የጠበቅሁት ስሜን ነው። ጋሽ ሰይድ ስማቸውን ደብቀው ሥራውን አወጡ፤ እኔ ሥራውን ደብቄ ስሜን ላወጣ ተዘጋጀሁ። ሁለታችንም እግዚአብሔርን እንፈራለን እንላለን። በዚያ ክፍል ውስጥ የማን ፍርሃት ለታመመ ሰው እንደጠቀመ ግድግዳው ይመሰክር ነበር። ንስሐ አባቴ ይህን ስነግራቸው አልገሠጹኝም፤ «ከዚህ በኋላ የያዝሽው ነገር ካለ ቶሎ አውጪው» ብቻ አሉኝ። እናቴም «ታዲያ አሸነፍሽ ወይስ ተሸነፍሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።  «ሥራ ይዣለሁ» አልኳት።

ባለፈው ወር እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ለጉዳይ ወጥቼ በአንድ ብረት ቤት ደጅ ሳልፍ ሰሌዳዎቹን ተደርድረው አየኋቸው። ያዘነበሉ ስድስት ቀዳዳዎች፣ አራት የብሎን ቦታ። ማንም አልጠየቀን፤ ማንም አይጠይቀንም። ልቤን ወጋ አደረገኝ፤ አልዋሽም። አልፌ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩ። አንዱን አንሥቼ ጠርዙ ላይ ጣቴን ሳስኬደው ሻከረኝ፤ ከላሜራው የቀረ ስለት አለው።

«ምን ፈለግሽ እትዬ?» አለኝ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ።

«ይሄ ጠርዝ ከረጢቱን ይቀደዋል። ሞርደው።»

«አንቺ ማነሽ? ዕቃው ያንቺ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አልኩት። «ሞረድ አለህ?»

አቀበለኝ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አጣፋሁና እንዴት እንደሚሞረድ አሳየሁት።